ደም መመለስና ደም ማድረቅ፦ የበቀል ታሪክ በዋግ ምድር

ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ፣ በዋግ ኽምራ ተራሮች መካከል የደሃና ወረዳ መቀመጫ አምደወርቅ ትገኛለች። በዚያ አገርም ሆነ በአካባቢው ባለው ደጋና ቆላ ሰው በሰው እጅ ሲሞት የሚነገሩት ቃላት ጥቂት ናቸው። ሟች «ደሙ ፈሰሰ» ይባላል። ወንድሙ ወይም ልጁ «ባለ ደም» ይሆናል። የገዳዩ ወገን ደግሞ «ደመኛ» ተብሎ ይጠራል። ባለ ደሙ ጊዜ ጠብቆ ገዳዩን፣ ገዳዩ ከጠፋም የገዳዩን ዘመድ ሲገድል «ደሙን መለሰ» ይባላል። ሽማግሎችና ካህናት መስቀል ይዘው መሀል ገብተው ሁለቱን ወገን ካስታረቁ ግን «ደም ደረቀ» ይባላል።

እነዚህን ቃላት አስተውሎ ለሰማቸው ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። በቀል በአማርኛ የቁጣ ቃል አይደለም፤ የዕዳ ቃል ነው። የሚመለሰው የተበደሩት ነገር ነው። ክፉ ለሠራብን ሰው «ብድሩን እከፍለዋለሁ» እንላለን፤ ደግ ለሠራልን ሰውም ያንኑ እንላለን። «ብድር በምድር» የሚለው ተረት ለውለታም ለበደልም ያገለግላል። ስለዚህ ደም የሚመልስ ሰው በራሱ ዓይን ወንጀለኛ አይደለም። አባቱ ትቶለት የሞተውን ዕዳ የሚከፍል ታማኝ ልጅ ነው። የበቀል ኃይሉም፣ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሌሎቹም ቃላት ምስል አላቸው። ቂም «ይቋጠራል»፤ ስንቅ በነጠላ ጫፍ እንደሚቋጠር ማለት ነው። የቋጠረው ሰው ይዞት ይሄዳል፤ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ያስቀድሳል፤ ቋጠሮው ግን አይፈታም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚባለውም የተቋጠረ ነገር ተደብቆ እንደማይቀር ስለሚታወቅ ነው። በቀል የሚለው ቃል ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ከቡቃያና ከብቅል ጋር ይገጥማል። በግዕዝ ሁለቱ የተለያዩ ነበሩ፤ ዘር ሲያቆጠቁጥ «በቈለ» በቈ ይጻፋል፣ ደም መመለሱ ግን በቀ ነው። በአማርኛ ድምፁ አንድ ሆነ፤ ትርጉማቸውም በሰው ልብ ውስጥ ተጠጋጋ። ብቅል የምታዘጋጅ እናት ገብሱን ትዘፈዝፈዋለች፣ በቅጠል ጠቅልላ ጨለማ ቦታ ታስቀምጠዋለች፣ ቀናት ቆጥራ ስትገልጠው አቆጥቁጦ ታገኘዋለች። ቂምም እንዲሁ በዝምታና በጨለማ ይበቅላል።

ይህ ጽሑፍ ዋግ ይህን ዕዳ ባለፉት ሰባት መቶ ዓመታት እንዴት እንደከፈለ፣ እንዴት እንዳደረቀና መቼ እንዳቃተው ይተርካል።

ከዛጉዌ ውድቀት በኋላ

የዋግ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ሊመለስ ይችል በነበረ ደም ነው። በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን ሥርወ መንግሥት ገልብጠው ነገሡ። የቤተ ክህነት ትውፊት እንደሚተርከው የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ ጋይንት ውስጥ ወደ ቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሸሽተው ገብተው ነበር፤ የተገደሉትም እዚያው ነው። ለበቀል ከዚህ የበለጠ ምክንያት አይገኝም። ንጉሥ ተገድሏል፣ ዙፋን ተነጥቋል፣ የተቀደሰ ቦታም ደም ነክቶታል። የተገደሉት ንጉሥ ወገን የሆነው የላስታና የዋግ አገው ሕዝብ ከአሸናፊው ወገን ጋር ለትውልድ ደመኛ ሆኖ ሊኖር ይችል ነበር።

ነገር ግን ሌላ መንገድ ተመረጠ። በዚያው ትውፊት መሠረት የቤተ ክርስቲያን አባቶች በመካከል ገብተው ለተሸነፈው ቤት ዋግ ርስቱ ሆኖ እንዲቀርለት ተደረገ። ገዢው «ዋግሹም» ተባለ፤ ሹመቱም በዚያው ዘር ውስጥ ይተላለፍ ነበር። ዋግሹም በብር ወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስመታት ክብር እንደነበረው ይነገራል። ይህ በሌሎች አገር ገዢዎች ዘንድ ያልተለመደ ክብር ነው። ትርጉሙም ግልጽ ነበር፤ «ዙፋናችሁን ወስደናል፣ ክብራችሁን ግን አልወሰድንም» ማለት ነው።

ዋግ ኽምራ ዛሬም ያለው በዚህ ዕርቅ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተሸናፊው ቤት ከምድር ቢጠፋ ኖሮ ኽምጣጛ ተናጋሪው ሕዝብ በሰቆጣ ዙሪያ ተሰብስቦ፣ ስሙንና ቋንቋውን ይዞ እስከ ዛሬ መቆየቱ አጠራጣሪ ነበር። የዋግሹምነት ማዕረግ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ የደረቀ ደም ምልክት ነው።

ሕጉና ቁራኛው

በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ኢብን አል-አሳል አንድ የሕግ መጽሐፍ በዐረብኛ አዘጋጀ። መጽሐፉ ከጊዜ በኋላ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥት ተባለ፤ ለዘመናትም የነገሥታቱ ችሎት መመሪያ ሆነ። ነፍስ ማጥፋትን የሚመለከተው ክፍል ሆን ብሎ የገደለን ሰው ሳያስበው ከገደለ ሰው ይለያል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ለባለ ደም ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የፈሰሰው ደም የወንድሙ ደም ነው። ዳኛ ግን የገዳዩን ልብ ይጠይቃል፤ አስቦበት ነው? ወይስ ድንገት ነው?

በችሎቱ አሠራር ውስጥ በቀል ሙሉ በሙሉ አልተከለከለም፤ ልጓም ተበጀለት እንጂ። ተበዳይ ተከሳሹን ራሱ ይዞ ወደ ዳኛ ይወስደው ነበር። የሁለቱ የሸማ ጫፍ ተቋጥሮ፣ ጉዳዩ ሲከብድም እጃቸው በሰንሰለት ተያይዞ አብረው ይሄዱ ነበር፤ ይህ «ቁራኛ» ይባላል። እስኪፈረድ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ይበላሉ፣ አንድ ላይ ያድራሉ። እንደ ቂም ሁሉ ይህም ቋጠሮ ነው፤ ነገር ግን ወደ ዳኛ የሚወስድ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ቋጠሮ ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ ባልታወቀ ጊዜ ደግሞ የአገሩ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ «አውጫጭኝ» ይቀመጥ ነበር፤ ወንጀለኛው እስኪገለጥ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም።

የሞት ፍርድ ከተፈረደ በኋላም የመጨረሻው ቃል የባለ ደሙ ነበር። እስከ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ንጉሡ የሞትን ፍርድ ካጸደቁ በኋላ ገዳዩ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር። እነሱም ሟች በሞተበት ዓይነት መሣሪያ ይገድሉታል፤ አለዚያ የደም ገንዘብ ተቀብለው ይምሩታል። ሽማግሎችና ካህናት እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ማሩት» ብለው ይለምኑ ነበር። ከማሩት በኋላ ግን ደሙን ዳግመኛ መጠየቅ አይቻልም፤ ዕዳው ተዘግቷል።

የዋግሹም ጎበዜ ዕዳ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የዋግ ቤት ትልቁን ደም ቋጠረ። አፄ ቴዎድሮስ አገሪቱን በአንድ ዘውድ ሥር ለማሰባሰብ ሲነሡ የየአካባቢው ባላባቶች ተቃወሟቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱም የተቃወማቸውን በብርቱ ቀጡ። ከተገደሉት አንዱ የዋግና የላስታ ገዢ ዋግሹም ገብረ መድኅን ነበሩ። ልጃቸው ጎበዜ የአባታቸውን ደም ተሸክመው በ1850ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሸፈቱ።

ጎበዜ ባለ ደም ነበሩ፤ ተከታዮቻቸውም እንዲሁ ያዩዋቸው ነበር። ቴዎድሮስ በየአቅጣጫው ዐመፅ ሲነሣባቸው ጎበዜ ዋግን፣ ላስታንና አካባቢውን ያዙ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በቴዎድሮስ እጅ የነበሩትን እስረኞች ለማስፈታት ከቀይ ባሕር ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲጓዝ በአገራቸው ሲያልፍ አላገዱትም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ለጎበዜ ይህ የሚያስገርም ፍጻሜ ነው። ለዓመታት የተሸከሙት ደም ሳይመለስ ደመኛው ራሱን አጠፋ።

ጎበዜ በነሐሴ ወር 1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ጊዜ ከዋግ ቤት ሰው እንደገና ዙፋን ላይ ወጣ። ይህ ለዋግ ሰው የጥንቱ ብድር ተመለሰ የሚያሰኝ ነበር። ግን ዕዳ ሲከፈል ሌላ ዕዳ ይወለዳል። የትግራዩ ገዢ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ለአዲሱ ንጉሥ አልገብርም አሉ። ካሣ ለተክለ ጊዮርጊስ ባዳ አልነበሩም፤ እህታቸው ድንቅነሽ የንጉሡ ሚስት ነበረች። ሁለቱ አማቾች በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ዓሰም ላይ ተዋጉ። ተክለ ጊዮርጊስ ወደ ስድሳ ሺህ የሚገመት ሠራዊት ነበራቸው። ካሣ የነበራቸው ዐሥራ ሁለት ሺህ ያህል ብቻ ነበር፤ ነገር ግን እንግሊዞች ሲመለሱ ትተውላቸው የሄዱትን መሣሪያ ይዘው የሠለጠኑ ነበሩ። ተክለ ጊዮርጊስ ተማረኩ። ዓይናቸው እንደጠፋ፣ በእስር እንዳሉም እንደሞቱ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ካሣ በጥር ወር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ።

አሁን ዋግ በአባት ደም ላይ የልጅ ደም ተጨመረበት። የዓይኑ ብርሃን የጠፋ ንጉሥ ታሪክ በየቤቱ ሊቋጠር የሚችል ቂም ነበር። ነገር ግን ከዓሰም ሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ጦር ይዘው ወደ ዐድዋ ዘመቱ። በዚያው ሜዳ የአፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻም ጦራቸውን አሰልፈው ነበር። ዓሰም ከዐድዋ ሩቅ አይደለም። የዋግ ሰዎች ንጉሣቸው ከተማረከበት ቦታ አጠገብ፣ ንጉሣቸውን ከማረከው ሰው ልጅ ጋር በአንድ ወገን ቆመው ጣልያንን መቱ። ደም መመለስ ቢፈልጉ ኖሮ ጊዜውም ቦታውም ተመቻችቶላቸው ነበር። ስለ ዐድዋ ከተጻፈው ታሪክ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ዐድዋን የተበቀለው ጦር

በቀል በግለሰብና በዘር ብቻ አይቀርም፤ መንግሥትም ይበቀላል። የጣልያን ፋሺስት መንግሥት በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ኢትዮጵያን ሲወርር ለሕዝቡ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የዐድዋን ሽንፈት መበቀል ነበር። በመስከረም መጨረሻ ጦሩ ዐድዋ ሲገባ ለቀድሞ ሙታኑ መታሰቢያ የሚሆን ሐውልት አቆመ፤ ደማቸው ተመለሰ ለማለት ነው። አርባ ዓመት የበቀለ ቂም በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን ቦምብ ተመነዘረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የበቀል በቀል ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በአዲስ አበባ በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። የጥቂት ሰዎች ሥራ ነበር፤ ቅጣቱ ግን በእነሱ ላይ ብቻ አልቀረም። የጣልያን ወታደሮችና ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ለሦስት ቀን የከተማውን ነዋሪ ጨፈጨፉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አስመዝግቧል። በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ይህ የበቀል አስከፊው መልክ ነው፤ ያጠፋው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ የተገኘው ሁሉ ዕዳ ከፋይ ይሆናል።

የዚያን ዓመት ክረምት በዋግና በላስታ ዐመፅ ተቀጣጠለ። መሪው የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ነበሩ። ጣልያኖች ብዙ ጦር አዘመቱባቸው፤ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ። ራሳቸው ተቆርጦ በሰቆጣና በኮረም ለሕዝብ ታየ። ይህን ያደረገው ወራሪ ሰው እንዲፈራ ፈልጎ ነው። በዋግ ቋንቋ ግን ያሳየው የደም ዕዳ ነበር።

ባለ ደሙ ልጃቸው ወሰን ኃይሉ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ገና ወጣት ናቸው። በአባታቸው ቦታ ገብተው የዋግንና የላስታን አርበኞች እየመሩ ጣልያን እስኪወጣ ድረስ ተዋጉ። ከነጻነት በኋላ ዋግሹም ወሰን ኃይሉ ተብለው በአገራቸው ላይ ተሾሙ። የእሳቸው ትግል ከጎበዜ ሽፍትነት ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም የአባት ደም ነበረባቸው። በአንድ ነገር ግን ይለያል፤ ወሰን ኃይሉ የተዋጉት የአገርን ነጻነት ለመመለስ ጭምር ነው። የራሳቸው ዕዳ ከሕዝቡ ዕዳ ጋር አንድ ስለሆነ ሲያሸንፉ ሌላ ባለ ደም አልፈጠሩም።

ሚያዝያ 27

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ እንባውን እያፈሰሰ ተቀበላቸው። በከተማው ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የጣልያን ሲቪሎች ነበሩ። የካቲት 12 ገና አራት ዓመት ብቻ ሆኖታል፤ ቤቱ የተቃጠለበትና ልጁ የተገደለበት ሰው ሁሉ ባለ ደም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቀን ንግግራቸው ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ ጠላት እንዳደረገው በጭካኔ ተነሣስቶ የኢትዮጵያን ስም እንዳያጎድፍ ለመኑ። በአገሪቱ ታሪክ ከተነገሩት ታላላቅ ቃላት አንዱ ይህ ነው። ሕዝቡም በአመዛኙ ሰማ። የጣልያን ሲቪሎች በብዛት በሕይወት ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ጥቂቶቹም እዚሁ ሠርተው፣ አግብተው፣ ወልደው ኖሩ።

በቀል ከችሎት እንዲወጣ የተደረገውም በዚያ ዘመን ነው። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጥቶ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ በስዊሱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን የተረቀቀው አዲስ ሕግ ታወጀ፤ በሥራ ላይ የዋለውም ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። ቀኑ የነጻነት ቀን ነው፤ ትርጉሙም ከዚያው ጋር ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ገዳይን የሚከስ ዐቃቤ ሕግ፣ የሚፈርድ ዳኛ፣ የሚቀጣ መንግሥት ሆነ። ባለ ደሙ ከሳሽነቱን ለመንግሥት አስረከበ።

በወረቀት ላይ ዕዳው ተዛወረ። በአምደወርቅና በተከዜ ዳር ቆላዎች ግን ፍርድ ቤት ሩቅ ነበር፤ ጠመንጃ ግን ቅርብ ነበር። ገዳይ እስራቱን ጨርሶ ሲወጣ ለመንግሥት ዕዳውን ከፍሏል። የሟች ወንድም ደግሞ «ለእኔ ምን ከፈለኝ?» ብሎ ይጠይቃል። ሕጉ ይህን ጥያቄ አልመለሰውም። ስለዚህ ወህኒ ቤት አሥር ዓመት የቆየ ሰው በወጣ ማግስት የሚገደልበት ጊዜ አለ።

ዕርቅና ዋጋው

ሕጉ የተወውን ክፍተት የሞላው ሽምግልና ነው። በወሎ ምድር «አበጋር» የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ፤ በአማራው አገር ሁሉ ደግሞ የአገር ሽማግሎችና ካህናት ይህን ሥራ ይሠራሉ። አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ መንፈሱ ግን አንድ ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ወገን እንዳይገናኝ ይደረጋል። የገዳይ ዘመዶች ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ይቀራሉ፤ የሟች ዘመዶች ቁጣቸው እስኪበርድ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ሽማግሎቹ ይመላለሳሉ፤ አንዴ ይመለሳሉ፣ አንዴ ይሰደባሉ፣ ደግመው ይሄዳሉ። በመጨረሻ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ በሟች ዘመዶች ፊት ይቀርባል። የደም ካሳ ይቆረጣል፤ ካህን ይገዝታል፤ ሁለቱ ወገን አብረው ይበላሉ። ከዚያ በኋላ ደም የሚያነሣ ሰው የሟችን ሳይሆን የሽማግሎቹን ቃልና የካህኑን ግዝት ይጥሳል።

ድንጋዩ እኔን የሚነካኝ ክፍል ነው። ገዳዩ ዕዳውን በጀርባው ተሸክሞ በሁሉ ፊት ያሳያል። «አልገደልሁም» አይልም፣ «ተገድጄ ነው» አይልም። ባለ ደሙ ከካሳው ይልቅ የሚፈልገው ይህን ነው፤ በደሉ እውነት መሆኑ በአደባባይ እንዲታመንለት።

ይሁንና ዕርቁ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ደም ለማድረቅ ተብሎ ከገዳይ ወገን ልጃገረድ ለሟች ወገን የምትዳርበት ልማድ አለ። ሐሳቡ ሁለቱ ቤተ ሰብ ከተዋለደ ደም አይነሣም የሚል ነው። ግን ዕዳውን የምትከፍለው ያልገደለች፣ ያልተጠየቀች ልጅ ናት። ጎረምሳ ወንድሟ በገደለው ሰው ቤት ሙሽራ ሆና ትገባለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ጋብቻ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ እንዳይፈጸምና ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ዓመት እንዲሆን ደንግጓል። ሽምግልና ክብሩን ሊጠብቅ ከፈለገ ይህን ልማድ መተው አለበት። የበቀልን ዕዳ ወደ ሴት ልጅ ማዛወር ዕርቅ አይባልም።

«እርምጃ» የሚለው ቃል

በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደርግ ስድሳ የሚሆኑ የቀድሞ መንግሥት ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ድርጊቱም «አብዮታዊ እርምጃ» ተባለ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ነጭ ሽብርና ቀይ ሽብር ሲተላለቁ በየጎዳናው የወደቀ ወጣት ሁሉ «እርምጃ የተወሰደበት» ሆነ። በበቀል ቃል ታሪክ ውስጥ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ደም የሚመልስ ሰው ቢያንስ ስሙን ይጠራል፤ «ወንድሜን ገድለሃልና ገደልሁህ» ይላል። «እርምጃ» ግን ባለቤት የለውም። ገዳይ የለም፣ ሟች የለም፤ ዕዳም እንደሌለ ተቆጥሮ ይታለፋል። ያልተጠራ ዕዳ ደግሞ አይሰረዝም። የሟች እናት ደጅ ላይ ተቀምጦ ይቆያል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የተባለው ለዚህ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተ ሰብ ጉዳዮች በሃይማኖትና በባህል ሕግ እንዲዳኙ ፈቀደ። የነፍስ ጉዳይ ግን ለመደበኛው ፍርድ ቤት ቀረ። በተግባር ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ዳኛው ያስራል፤ ሽማግሌው ያስታርቃል። ሁለቱ ሲተጋገዙ ደም ይደርቃል፤ አንዱ ሲጎድል ያገረሻል።

በቅርቡ ያየነው

በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ደረሰ። ሰቆጣ በጦር እጅ ወደቀች፤ በኋላም ተለቀቀች። ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሎ ሰቆጣና አካባቢው ላይ ተጠለለ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መንግሥት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጸደቀ፤ ዓላማው እውነቱ እንዲወጣ፣ አጥፊ እንዲጠየቅ፣ ተበዳይ እንዲካስና ዕርቅ እንዲወርድ ነው። የአምደወርቅ ሽማግሌ ይህን ዓላማ ቢሰማ አዲስ አይሆንበትም። እውነቱን መናገር ድንጋይ መሸከሙ ነው፤ ካሳውም ካሳው ነው፤ ዕርቁም አብሮ መብላቱ ነው።

ዋግ አሁን የቆመው ደም በብዛት በፈሰሰበትና ዳኛ በጎደለበት ጊዜ ላይ ነው። ጠመንጃ በየቤቱ አለ። ወንድሙን፣ አባቱን ያጣ ወጣት በየቀበሌው አለ። ይህ ወጣት የሰማው ቃል «ደም መመለስ» ብቻ ከሆነ የሚያደርገው አስቀድሞ ይታወቃል።

ሰባት መቶ ዓመት የሚናገረው ግን ሌላ ነው። በ1262 ዓ.ም. ደም ስላልተመለሰ ዋግ ዋግ ሆኖ ቀረ። ጎበዜ የአባታቸውን ደም ተሸክመው ዙፋን ደረሱ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ዙፋኑንም ዓይናቸውንም አጡ። ዋግሹም ጓንጉል የዓሰምን ደም ትተው ዐድዋ ላይ አገር አዳኑ። ጣልያን ዐድዋን ተበቅሎ በአምስት ዓመቱ ወጣ። ተመልሶ ያለቀ ደም በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም አይገኝም፤ ያለቀው ሁሉ የደረቀ ደም ነው።

ባለ ደም ለሆንክ ወንድሜ፣ ለሆንሽ እህቴ ይህን እላለሁ። ዕዳው እውነት ነው፤ ማንም «እርሳው» ሊልህ፣ «እርሺው» ሊልሽ አይገባም። ዕዳውን ግን ለሽማግሌ፣ ለዳኛ፣ ለእውነት ስጡት። ሽማግሎችም ወደ ሟች ቤት መመላለሱን አትሰልቹ፤ ልጃገረድን ለደም ዕዳ አትስጡ፤ ገዳዩን ድንጋዩን አሸክሙት እንጂ። መንግሥትም ዳኛውን አምደወርቅ ድረስ ያድርስ። ዳኛ የሌለበት አገር ደሙን ራሱ ይመልሳል፤ ደም የሚመልስ አገር ደግሞ ለልጆቹ የሚያወርሰው ዕዳ ብቻ ነው።